ፔስቶ፤ ከጄኖዋ ሙቀጫ የወጣ ታሪክ

«ክትፎ» የሚለው ስም ሥጋውን አይናገርም፤ የሚናገረው መክተፉን ነው። «ጥብስ»ም ቢሆን፣ «ፍትፍት»ም ቢሆን እንዲሁ ነው። እነዚህ ስሞች ምግቡ ከምን እንደ ተሠራ ሳይሆን እጅ ምን እንዳደረገው ያስታውሱናል። የጣልያንኛው «ፔስቶ»ም የዚሁ ዓይነት ስም ነው። «ፔስታሬ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን ትርጉሙ መውቀጥ፣ መደቆስ ማለት ነው። በአማርኛ እንሰይመው ቢባል «ውቅጥ» ከማለት የቀረበ ቃል አይገኝም።

ዛሬ ፔስቶ በጠርሙስ ታሽጎ በብዙ የዓለም ከተሞች የሱቅ መደርደሪያ ላይ ይገኛል። አረንጓዴ ነው፤ ዘይት የጠገበ ነው፤ ክዳኑ ገና ሲነሣ ሽታው አፍንጫን ይሞላል። በላዩም ላይ «ጥንታዊ»፣ «የአያቶች»፣ «እውነተኛ» የሚሉ ቃላት መለጠፍ የተለመደ ነው። ለመሆኑ ይህ ውቅጥ ምን ያህል ጥንታዊ ነው? እውነተኛውስ የትኛው ነው? ዘነዘናውን ይዘው ለዚህ ያደረሱት እጆችስ የማን ናቸው? ታሪኩን ከሥሩ ስንመለከተው ከአንድ ማባያ በላይ የሚናገረው ነገር አለው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ንጉሣዊው ቅጠል

የፔስቶ ነፍስ ጣልያኖች «ባሲሊኮ» የሚሉት ቅጠል ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት «ኦሲሙም ባሲሊኩም» ብለው መዝግበውታል። ወደ ሜዲትራንያን ባሕር ዳርቻ የገባው በጥንት ዘመን ከሞቃታማው እስያ፣ ከሕንድ አቅጣጫ ነው። ስሙን የሰጡት ግሪኮች ሲሆኑ ትርጉሙም «ንጉሣዊ» ማለት ነው።

ይህ ተክል ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። በሶብላችን የዚሁ የኦሲሙም ወገን ነው፤ ለምች የሚታሸው ዳማከሴም እንዲሁ። ወገናቸው አንድ ይሁን እንጂ የወጥ ቤት ዕጣቸው ተለያይቷል። በሶብላ ደርቆ ከበርበሬና ከሽሮ እህል ጋር ይፈጫል፤ ቅቤ ሲነጠርም ይገባል። የጄኖዋው ባሲሊኮ ግን የሚፈለገው ገና ለጋ ሆኖ፣ ሳያብብ፣ በጥሬው ነው። እሳት ከነካው ወይም ከደረቀ ያ የተወደደለት መዓዛ ጥሎት ይሄዳል። እኛ ለዓመት የሚቆይ ቅመም ስናደርገው እነርሱ የዕለት ምግብ አድርገውታል ማለት ነው።

ይሁንና ባሲሊኮ በአውሮፓ የገበታ ቅጠል ብቻ አልነበረም። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊ ጸሐፊ ፕሊኒ፣ ይህ ተክል ሲዘራ ካልተሰደበና ካልተረገመ አያምርም የሚል እምነት እንደ ነበረ መዝግቧል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ቦካቺዮ በጻፈው «ዴካሜሮን» ውስጥ ደግሞ አንዲት የመሲና ሴት ወንድሞቿ የገደሉባትን ፍቅረኛዋን ራስ በሸክላ ዕቃ ቀብራ፣ ባሲሊኮ ተክላበት በእንባዋ ስታጠጣው እናነባለን። በግሪክ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት፣ ንግሥት እሌኒ የጌታን መስቀል ስትፈልግ የተቀበረበትን ስፍራ ያመለከታት የዚህ ቅጠል መዓዛ ነው። በመስከረም በሚከበረው የመስቀል በዓልም ካህናቱ ባሲሊኮ ይዘው ይባርካሉ። እኛ ንግሥቲቱ ጢስ ተከትላ አገኘችው እንላለን፤ እነርሱ መዓዛ ተከትላ ይላሉ።

እንግዲህ ይህ ቅጠል የድስት ብቻ ሳይሆን የመቃብርና የመቅደስም ጓደኛ ሆኖ ቆይቷል።

ሙቀጫው ቅጠሉን ይቀድማል

ፔስቶን ጥንታዊ ነው የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት አንድ የላቲን ግጥም አለ። ርእሱ «ሞሬቱም» ይባላል። በአንድ ወቅት የታላቁ የቨርጂል ሥራ ነው ይባል ነበር፤ የዛሬ ሊቃውንት ግን ይህን አይቀበሉትም። ግጥሙ የሚተርከው ስለ አንድ ድኻ ገበሬ ማለዳ ነው። ገበሬው ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ እሳት ያቀጣጥላል፤ ዱቄቱን አቡክቶ ዳቦውን ይጥላል፤ ከዚያም ከጓሮው ቅጠላ ቅጠል ቀጥፎ ሙቀጫው ፊት ይቀመጣል። ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው፣ ደረቅ አይብ፣ ጤና አዳም፣ ድንብላልና ሌላም ቅጠል አንድ ላይ ይወቅጣል። በመጨረሻም ዘይትና ኮምጣጤ ጠብ አድርጎ አድበልብሎ ያወጣዋል። በቤቱ ያለችው ብቸኛ ረዳቱ ከአፍሪካ የመጣች ሴት እንደሆነች ግጥሙ ይናገራል።

ልብ እንበል፤ አይቡ አለ፣ ነጭ ሽንኩርቱ አለ፣ ዘይቱ አለ፣ ሙቀጫው አለ። ባሲሊኮ ግን የለም። ጥንታዊው ነገር የቅመሙ ዝርዝር ሳይሆን አሠራሩ ነው። ደረቅ አይብንና ነጭ ሽንኩርትን በጓሮ ቅጠል ወቅጦ፣ በዘይት አለስልሶ፣ ለዳቦ ወይም ለእህል ማባያ ማድረግ ሥጋ በየቀኑ የማያገኝ ሰው ጥበብ ነው። ባሲሊኮ ወደዚህ ሙቀጫ የገባው ኋላ ነው።

ሙቀጫው ስሙን ያገኘው በጄኖዋ ከተማ ነው። ጄኖዋ በሰሜን ጣልያን፣ በሊጉሪያ ጠረፍ ላይ ያለች ወደብ ናት። ከኋላዋ ተራራ፣ ከፊቷ ባሕር ነው። ከተራራውና ከባሕሩ መካከል የተረፈው መሬት ጠባብ ስለሆነ ገበሬው ዳገቱን እርከን እየሠራ ወይራና አትክልት ይተክልበታል። ሰፊ የላም መስክ የላትም። ይልቁንም ኑሮዋ በመርከብ ነበር። ለብዙ መቶ ዓመታት ራሷን የቻለች የባሕር ሪፑብሊክ ሆና እስከ ጥቁር ባሕር ድረስ የንግድ ሰፈሮች ነበሯት። ሪፑብሊኩ በናፖሊዮን ዘመን በ1797 ፈረሰ፤ ከተማዋ በ1805 በፈረንሳይ፣ በ1815 ደግሞ በሰርዲንያ መንግሥት ሥር ገባች። በ1861 የጣልያን መንግሥት ሲመሠረትም የእርሱ አካል ሆነች።

አገሪቱ አንድ ሆነች በተባለ በሁለት ዓመቱ፣ በ1863፣ ጆቫኒ ባቲስታ ራቶ የተባለ ሰው «ላ ኩቺኒየራ ጄኖቬዜ» የተሰኘ የምግብ አሠራር መጽሐፍ በጄኖዋ አሳተመ። የፔስቶ አሠራር ዛሬ በምናውቀው መልክ ከሰፈረባቸው የመጀመሪያዎቹ የታተሙ ጽሑፎች አንዱ ይኸው ነው። ታዲያ መጽሐፉን ገልጦ የሚያነብ ሰው መገረሙ አይቀርም።

ራቶ የሚያዘው ነጭ ሽንኩርትና ባሲሊኮ እንዲወቀጥ ነው፤ ባሲሊኮ ከታጣ ግን ማጆራናና ፐርሰሜሎ ይበቃል ይላል። አይቡ ሁለት ዓይነት ሲሆን አንዱ ፓርሚጃኖ፣ ሌላው ደግሞ የሆላንድ አይብ ነው። ፒኖሊ የሚባለው የጥድ መሰል ዛፍ ፍሬ ይገባል። ከዚያም ጥቂት ቅቤ ተጨምሮ አንድ ላይ ይወቀጥና በወይራ ዘይት ይለሰልሳል። ዛሬ የጄኖዋ ሰው ካለርሱ አይሆንም የሚለው የበግ ወተት አይብ፣ ፔኮሪኖ፣ እዚያ አልተጠቀሰም። ዛሬ ቅቤ ጨመርኩበት የሚል ሰው በጄኖዋ ወጥ ቤት ክርክር ይነሣበታል። የሆላንድ አይብ ቢል ደግሞ ይሳቅበታል።

ነገሩ ግን የሚያስደንቅ አይደለም። ጄኖዋ ወደብ ናት፤ ከሰሜን አውሮፓ የሚመጣ መርከብ ሳይበላሽ የሚቆይ ጠንካራ አይብ ጭኖ ይመጣል። የሰርዲንያ የበግ አይብም በዚያው በባሕር ይመጣ ነበር። ሴቲቱ ገበያ ወጥታ ያገኘችውን ትገዛለች። ክረምት ሲሆንና ባሲሊኮ ከጓሮ ሲጠፋ በፐርሰሜሎ ትተካዋለች። እውነተኛው የተባለው ፔስቶ በመጀመሪያ በተጻፈበት ጊዜ የተጻፈው ከነመተኪያው ነበር።

በሽፋኑ ላይ የሌለው ስም

የመጽሐፉን ርእስ ደግመን እንየው። «ኩቺኒየራ» ማለት ሴት ወጥ ሠሪ ማለት ነው። ርእሱ «የጄኖዋዋ ወጥ ሠሪ» ነው ማለት ነው። ደራሲው ግን ወንድ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1865 ኤማኑኤሌ ሮሲ የተባለ ሌላ ሰው «እውነተኛዋ የጄኖዋ ወጥ ሠሪ» የሚል ትርጉም ያለው መጽሐፍ አወጣ። እርሱም ወንድ ነው። በሁለቱም ሽፋን ላይ ሴቲቱ በሙያዋ ተጠርታለች፤ በስሟ ግን አልተጠራችም።

ይህን የምንለው ጸሐፊዎቹን ለመውቀስ አይደለም። እነርሱ ባይጽፉት ኖሮ የሆላንዱ አይብም ቅቤውም ከትዝታ ጠፍተው፣ ዛሬ ያለው ዝርዝር ከጥንት ጀምሮ የነበረ በመሰለን ነበር። መጻፋቸው ታሪኩን አትርፎልናል። ነገር ግን ነጭ ሽንኩርቱን ከጨው ጋር አስቀድሞ ማድቀቅ እንደሚበጅ፣ ቅጠሉ በኃይል ከተመታ እንደሚጠቁር፣ ዘይቱ መጨረሻ ላይ እንደሚገባ ያወቀው የደራሲው ብዕር አይደለም። በየቤቱ፣ በየቀኑ፣ ክንዷ እስኪዝል የወቀጠችው ሴት ናት። ሙቀጫን በናፍቆት የሚያወድስ ሁሉ ይህን ድካም መዘንጋት የለበትም። ዘነዘና ለጎብኚ የሚያምር ዕቃ ነው፤ ለያዘችው ግን ሥራ ነበር።

ባሕር የተሻገረው ውቅጥ

የጄኖዋ ሰዎች በሄዱበት ሁሉ ሙቀጫቸው ተከትሏቸዋል። ከጎረቤት ፈረንሳይ፣ በፕሮቫንስ፣ «ፒስቱ» የሚባል ዘመድ አለው፤ ፒኖሊ የለበትም፣ ብዙውን ጊዜ የሚገባውም በአትክልት ሾርባ ውስጥ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ የሊጉሪያ ድኻ ወደ ደቡብ አሜሪካ ተሰደደ። በቦነስ አይረስ ላ ቦካ የተባለው የወደብ ሰፈር የእነርሱ መንደር ሆነ። ወደ ፔሩ የሄዱት ደግሞ ከባሲሊኮው ላይ ስፒናች ጨምረው፣ የአገሩን አይብ ተጠቅመው «አረንጓዴ ፓስታ» የሚባል ምግብ ፈጠሩ። ዛሬ ፔሩዎች የራሳችን ነው ይሉታል፤ ልክም ናቸው። በጄኖዋም ቢሆን ፔስቶ ከሚቀርብባቸው የታወቁ ምግቦች አንዱ ፓስታ ከድንችና ከፎሶልያ ጋር ነው። ድንቹም ፎሶልያውም በመርከብ የመጡ የአሜሪካ ተክሎች ናቸው።

ከጄኖዋ የተነሣ መርከብ ወደ እኛም ባሕር መጥቷል፤ አመጣጡ ግን ለማባያ አልነበረም። ጁዜፔ ሳፔቶ በ1811 በሊጉሪያ፣ ካርካሬ በምትባል ከተማ የተወለደ ሚስዮናዊ ነው። በ1838 ወደ አድዋ መጥቶ ነበር። ይኸው ሰው በኖቬምበር 15 ቀን 1869፣ የስዊዝ ቦይ ከመከፈቱ ሁለት ቀን በፊት፣ በአሰብ መሬት ለመግዛት ከአካባቢው ሱልጣኖች ጋር ተዋዋለ። ግዢው የተፈጸመው ሩባቲኖ በተባለው የጄኖዋ የመርከብ ኩባንያ ስም ነበር። በ1882 የጣልያን መንግሥት ቦታውን ከኩባንያው ተረከበ። በ1885 ምጽዋ ተያዘች፤ በ1896 አድዋ ሆነ፤ ከ1936 እስከ 1941 ደግሞ አምስቱ የወረራ ዓመታት መጡ። ሳፔቶ ግን ይህን ሁሉ አላየም፤ አድዋ ከመሆኑ ቀደም ብሎ በ1895 በጄኖዋ ሞቷል።

ከዚያ ዘመን በገበታችን ላይ የቀረ ነገር አለ፤ ፓስታ፣ መኮሮኒ፣ ላዛኛ፣ ስጎ፣ ሳልሳ። ቃላቱም ምግቡም ዛሬ የእኛ ሆነዋል። ፔስቶ ግን በመካከላቸው የለም። ለምን ቀረ? ምክንያቱን ለመገመት አያዳግትም። ሳልሳ በቆርቆሮ ታሽጎ ባሕርና በረሃ ያቋርጣል፤ ቲማቲምም አገር ውስጥ ይበቅላል። ፔስቶ ግን ለጋ ቅጠል፣ የወይራ ዘይት፣ ፒኖሊና ሁለት ዓይነት አይብ ይሻል። ከዚህም ሌላ ፔስቶ በዚያን ጊዜ የመላው ጣልያን ምግብ አልነበረም፤ የአንድ ጠረፍ ሰዎች ምግብ ነበር። «የጣልያን ምግብ» የምንለው ነገር ብዙ አገሮች አንድ ላይ የተጠሩበት ስም መሆኑን ይህ ያሳያል።

መኪናና ጠርሙስ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የኤሌክትሪክ መፍጫ ወደ ወጥ ቤት ገባ። የግማሽ ሰዓቱን ሥራ በግማሽ ደቂቃ ጨረሰው። ከዚያም ፋብሪካው ተከተለ። ጠርሙሱን አዙሮ በጀርባው የተጻፈውን ለሚያነብ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፤ በፒኖሊ ፈንታ ካሹ፣ በወይራ ዘይት ፈንታ የሱፍ ዘይት፣ ማወፈሪያ እንዲሆን ደግሞ የደረቀ ድንች የሚገባበት ብዙ ነው። ፔስቶ ዓለምን የዞረው በዚህ መልኩ ነው። በአሜሪካ ከ1940ዎቹ ጀምሮ በጋዜጣና በመጽሔት መጻፍ ቢጀምርም፣ በየሬስቶራንቱ የተስፋፋው በ1980ዎቹ ነው።

የጄኖዋ ሰዎች ይህን ዝም ብለው አላዩትም። በ2005 የአውሮፓ ኅብረት «ባሲሊኮ ጄኖቬዜ» የሚለውን ስም በሕግ ጠበቀላቸው። በዚህ ስም ሊሸጥ የሚችለው በሊጉሪያ የበቀለው ብቻ ነው። በተለይ ፕራ የምትባለው የጄኖዋ ሰፈር በመስታወት ቤቶቿ ዓመቱን ሙሉ ለጋውን ቅጠል ታመርታለች። የተጠበቀው ግን ቅጠሉ ነው። «ፔስቶ» የሚለው ስም ለማንም ክፍት ነው። ከ2007 ጀምሮ በቀድሞው የከተማዋ ገዢዎች ቤተ መንግሥት የፔስቶ የዓለም ውድድር ይደረጋል። 100 ተወዳዳሪዎች እያንዳንዳቸው ሙቀጫና ዘነዘና ተሰጥቷቸው በእጃቸው ይወቅጣሉ። በ2017 ደግሞ የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ አንድ መላ ፈጠረ። ለታመሙ ሕፃናት ጉዞ መርጃ የሚሆን መዋጮ የሰጠ መንገደኛ እስከ 500 ግራም ፔስቶ በእጅ ሻንጣው ይዞ እንዲያልፍ ተፈቀደለት። ፈሳሽና ቅባት በሚጣልበት በር ላይ ፔስቶ ይለፍ አገኘ።

በቤት መሥራት ለሚሻ

የተለመደው መጠን ይህ ነው፤ 50 ግራም የባሲሊኮ ቅጠል፣ ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፒኖሊ፣ ስድስት የሾርባ ማንኪያ የተፈቀፈቀ ፓርሚጃኖ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ፔኮሪኖ፣ ግማሽ ብርጭቆ የወይራ ዘይትና ጥቂት ደቃቅ ያልሆነ ጨው።

ቅጠሉ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብና ሳይታሽ በጨርቅ ላይ ይደርቃል። በመጀመሪያ ነጭ ሽንኩርቱ ከጨው ጋር ይደቆሳል፤ ቀጥሎ ቅጠሉ ጥቂት በጥቂት ይገባል። እዚህ ላይ ዘነዘናው ከላይ ወደ ታች ከሚመታ ይልቅ የሙቀጫውን ግድግዳ ተከትሎ ቢዞር ይሻላል። የጄኖዋው ሙቀጫ ከእብነ በረድ፣ ዘነዘናው ከእንጨት የሆነውም ቅጠሉ ሳይሞቅ እንዲደቅ ነው። ቀጥሎ ፒኖሊው፣ ከዚያ አይቡ፣ በመጨረሻም ዘይቱ በቀጭኑ ይገባል። ቅጠሉ ሲቆረጥ አየር ያገኘዋልና ይጠቁራል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ይብሳል። ስለዚህ በኤሌክትሪክ መፍጫ የሚሠራ ሰው ዕቃውን አስቀድሞ በማቀዝቀዣ ቢያቆየውና እያሳረፈ ቢፈጭ መልካም ነው። ፔስቶ እሳት ላይ አይጣድም፤ ፓስታው ከተቀቀለበት ውኃ ጥቂት ተጨልፎለት ይቀጥናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ነጭ ሽንኩርትና ጥሬ ቅጠል በዘይት ተሸፍነው ቤት ውስጥ እንዲሁ ከተቀመጡ፣ አየር በሌለበት የሚያድገው የቦቱሊዝም ተሕዋስ መርዝ ሊያመነጭባቸው ይችላል። ሽታውም መልኩም ላይለወጥ ይችላል። ስለዚህ በማቀዝቀዣ አስቀምጦ በጥቂት ቀን መጨረስ፣ ወይም በረዶ ቤት ማስገባት ነው እንጂ መደርደሪያ ላይ ማቆየት አይገባም።

በሶብላ ይተካዋል ወይ ለሚል ጠያቂ መልሱ አዎና አይደለም ነው። ወገኑ አንድ ስለሆነ ይወቀጣል፤ መዓዛው ግን ሌላ ነውና የሚወጣው የጄኖዋ ፔስቶ አይሆንም። ሌላ ነገር ይሆናል፤ ፔሩዎች እንዳደረጉት ስም ሊሰጠው የሚችል።

የሚቀረው ምንድን ነው?

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው አንድ ነገር ነው። የምግብ ዝርዝር ሁልጊዜ ይለወጣል። መርከብ ይለውጠዋል፣ ክረምት ይለውጠዋል፣ ስደት ይለውጠዋል፣ ድህነትም ብልጽግናም ይለውጡታል። የሆላንዱ አይብ ወጣ፣ የሰርዲንያው ገባ፤ ፔስቶም ፔስቶ ሆኖ ቀጠለ። ስለዚህ «እውነተኛው ይህ ብቻ ነው» የሚል ሙግት የታሪክ ድጋፍ የለውም። በአንጻሩ የእጅ ዕውቀት እንደ ዝርዝሩ አይደለም። ዝርዝር ቢለወጥ በሌላ ይተካል፤ የእጅ ዕውቀት ግን የሚያውቀው ሰው ካለፈ የሚተካው የለም። የጄኖዋ ሰዎች ሙቀጫውን ለውድድር አደባባይ ያወጡት ይህን ፈርተው ይመስላል።

በእኛም ቤት ሙቀጫው ጥግ እየያዘ፣ በርበሬውም ሽሮውም ወደ ወፍጮ ቤት እየሄደ ነው። ይህ በራሱ የሚያስለቅስ ነገር አይደለም፤ የብዙ እናቶች ክንድ ዐርፎበታል። የሚያሳዝነው ዕውቀቱ ከድካሙ ጋር አብሮ ከተጣለ ነው። ዳጣው በምን ያህል ውኃ እንደሚለነቅጥ፣ በሶብላው ከሌላው ቅመም ጋር በምን ልክ እንደሚመጠን፣ አዋዜው ስንት ቀን እንደሚሰነብት የሚያውቁ ሴቶች ገና በየቤቱ አሉ። የሚጠይቃቸውና የሚጽፍላቸው ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ግን ከጄኖዋዎቹ መጻሕፍት አንድ ነገር ቢማር ደግ ነው፤ የሙያውን ስም ብቻ ሳይሆን የባለሙያዋን ስም ጭምር በሽፋኑ ላይ ያስፍር።